«ጥቁሬ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ነገሩ ካቫኒ ጋ አደረሰኝ

ኳስሜዳ_ልጅ

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ዩቲዩብ ላይ ትንሽ የኳስ ፕሮግራም አለን። ትንሽ ስል የምር ትንሽ ናት። ጨዋታ ሲያልቅ ላይቭ እንገባለን፣ እንጨቃጨቃለን፣ ሰው ኮሜንት ላይ ይሰድበናል፣ በቃ። ካሜራ የሚይዝልን ልጅ አብሮ አደጋችን ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ስሙ ጥቁሬ ነው። እናቱም የምትጠራው ጥቁሬ ብላ ነው። ዋናውን ስሙን እኔ ራሴ ያወቅኩት የሚኒስትሪ ፎርም ስንሞላ ነው።

ያለፈው እሁድ ላይቭ ላይ እያለን መብራት ሄደ። ልጁ በአንድ እጁ ካሜራውን፣ በሌላው የስልኩን ባትሪ ይዞ ሃያ ደቂቃ ቆመልን። እጁ እየተንቀጠቀጠ። ስንጨርስ እኔ ከልቤ «ጥቁሬ፣ አመሰግናለሁ፣ አንተ ባትኖር ጨለማ ውስጥ ነበርን» አልኩ። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔም ምን እንዳልኩ የገባኝ እሱ ሲስቅ ነው፣ ያው ሳቅ ይጋባል፣ እኔም ሳቅኩ።

ማታ ስልኬን ስከፍት አንዱ ያቺን ዘጠኝ ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ለጥፏታል። ልጁ አይታይም። መብራት መጥፋቱ አይታይም። አስራ አምስት ዓመት ጓደኝነት አይታይም። የሚታየው የኔ ጥርስ ነው። ጠዋት ስፖንሰራችን (መለዋወጫ የሚሸጥ ሰውዬ ነው፣ ደግ ሰው ነው) ደውሎ «ነገሩ እስኪበርድ የኔን ባነር አንሱልኝ» አለ።

አሁን ጥያቄዬ። የያኔው የማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ ካቫኒ «ግራሲያስ ኔግሪቶ» ብሎ የታገደ ጊዜ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን «ይበለው፣ ታዋቂ ሰው ነው፣ አፉን ይጠብቅ» ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። የተባለው ሰው ካልከፋው የተጎዳው ማን ነው? ቅጣቱስ ለማን ነው?

ቀዩ_ሰይጣን

የዩናይትድ ደጋፊ ነኝና ዳኝነቴን ቀንሳችሁ አንብቡ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ኅዳር 2020፣ ሳውዝሃምፕተን ሜዳ። 2 ለ 0 እየተመራን ነው። ካቫኒ ከእረፍት መልስ ገባ። አንዱን ለብሩኖ አመቻቸ፣ ሁለቱን በግንባሩ አገባ፣ የመጨረሻዋ 90 ካለፈ በኋላ ናት። እንዴት እንደጮህን እኔና ጎረቤቶቼ እናውቃለን። ከዚያ አንድ ወዳጁ ኢንስታግራም ላይ እንኳን ደስ አለህ አለው፣ እሱም «ግራሲያስ ኔግሪቶ» ብሎ መለሰ። በኡራጓይ አፍ ይሄ «አመሰግናለሁ ጥቁሬ» ነው። ልክ እንዳንተ! ነገሩን ሲነግሩት አጠፋው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ቅጣቱ 3 ጨዋታና 100,000 ፓውንድ፣ ትምህርት ውሰድም ተባለ። የኡራጓይ የቋንቋ አካዳሚ ሳይቀር መግለጫ አውጥቶ ቃሉ እኛ ዘንድ የፍቅር ነው ብሎ ተከራከረ። የቋንቋው ባለቤቶች «ስድብ አይደለም» እያሉ ለንደን የተቀመጠ ሰው «ነው» ይላል።

ደግሞ የፈረደበትን ቤት እዩልኝ። ያ ጽሑፍ ከመለጠፉ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ የራሱ የእንግሊዝ ፉትቦል አሶሴሽን (ኤፍኤ) ሊቀመንበር ግሬግ ክላርክ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ጥቁር ተጫዋቾችን «ባለቀለም» ብሎ ጠርቶ በዚያው ቀን ሥራውን ለቋል። የቤታቸው ጭስ ሳይጠፋ የጎረቤት ምድጃ ይፈትሻሉ።

ጠበቃ_ነኝ_ግን_አልጠበቅም

ቀዩ ጥሩ ጽፏል፣ ግን ግማሹን ነው የጻፈው። ኳስሜዳ፣ አንተ ደግሞ የሊቨርፑል ደጋፊ እንደሆንክ ከድሮ ፖስቶችህ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ስለ ሱዋሬዝ አለማንሳትህን በትዝብት አልፌዋለሁ።

ጥቅምት 2011፣ አንፊልድ፣ የሊቨርፑሉ ሱዋሬዝና የዩናይትዱ ጥቁር ተጫዋች ኤቭራ። ሱዋሬዝም ኡራጓያዊ ነው። ቃሉም የዚያው ቤተሰብ ነው፣ «ኔግሮ»። እሱም ያለው ያንኑ ነበር፣ እኛ ጋ እንዲህ መባባል የተለመደ ነው። የኤፍኤ ኮሚሽን ታዲያ እንዲሁ አልፈረደም። የስፓኒሽ ቋንቋ ምሁራን አስጠርቶ ጠየቀ። እነሱም ቃሉ እዚያ አገር በወዳጅ አፍ ሲሆን ጉዳት እንደሌለው፣ በጠብ መሀል ሲሆን ግን እዚያው ኡራጓይም ቢሆን እንደሚያስቀይም አስረዱ። እነዚህ ሁለቱ ሜዳ ላይ እየተጣሉ ነበር። ሱዋሬዝ የኤቭራን ክንድ ቆንጥጦታል። ለማብረድ ነው ያልኩት አለ፣ አልተቀበሉትም። 8 ጨዋታ፣ 40,000 ፓውንድ። የፍርዱ ማብራሪያ 115 ገጽ ነው። ስለ አንዲት ቃል 115 ገጽ! ዐውድ አይታይም የሚል ሰው እሱን ያንብብ።

ካቫኒ ጋ ስንመጣ ኮሚሽኑ ሰውየው ለመስደብ ሐሳብ እንዳልነበረው በግልጽ ተቀብሏል። ታዲያ ለምን ቀጡት? ሕጋቸው «ምን አስበህ ነው?» ብሎ አይጀምርም። «ይሄን ያነበበ ሰው ምን ይረዳል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሐሳብህ የሚቆጠረው ቅጣቱ ሲመዘን ነው። ስለዚህ 8 እና 3። ገንዘቡ ለምን በተቃራኒው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ በመሀል 9 ዓመት አልፏል፣ ጊዜውም ደንቡም ተቀይሯል።

ደግሞ ፍርድ ቤትና ሊግ አይምታታባችሁ። የቼልሲውን ጆን ቴሪን፣ ጥቁሩን ተጫዋች አንቶን ፈርዲናንድን በቀለሙ ሰደበ ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ፣ ሐምሌ 2012 ፍርድ ቤት ነፃ አለው። መስከረም ላይ ኤፍኤ በዚያው ነገር 4 ጨዋታና 220,000 ፓውንድ ጣለበት። ብዙ ሰው «ነፃ ወጥቶ እንዴት ይቀጣል» ብሎ ጮኸ። ወንጀል ላይ ከጥርጣሬ በላይ ማስረጃ ይፈለጋል። ማኅበር ላይ ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ እንጀራ ሰርቃለች ብለህ እስር ቤት ለማስገባት የሚያስፈልግህና ከቤት ለማሰናበት የሚያስፈልግህ አንድ አይደለም። (ምሳሌው ትንሽ ጨካኝ ሆነብኝ፣ ይቅርታ።)

አንተ እንዳትደነግጥ ደግሞ፦ የእኛው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ 1185/2012 (ይሄኛው 2012 በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ «ሆን ብሎ» ይላል። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር። እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። «ባትሪ ስለያዝክልኝ አመሰግናለሁ» እዚያ ውስጥ አይገባም። ያንተ ጉዳይ ከስፖንሰሩና ከተመልካችህ ጋር ነው።

ኳስሜዳ_ልጅ

ሱዋሬዝን ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት፣ አዎ። የዚያን ጊዜ የሊቨርፑል ልጆች ምስሉ ያለበትን ቲሸርት ለብሰው ሲያሟሙቁ እኔም አንዱን ማሳተም ፈልጌ ነበር። ገንዘብ ስላልነበረኝ ተረፍኩ።

ቀዩ_ሰይጣን

@ኳስሜዳ_ልጅ ያኔ ሊቨርፑል የሚጫወተው ካራገር ከ8 ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ኤቭራን ፊት ለፊት ይቅርታ ጠይቆታል፣ ለዚያ ቲሸርት። አንተም ሰልፍ ያዝ 😂

የስፐርስ_እንባ

«የተባለው ካልከፋው» ላላችሁት እኔ ጋ አዲስ ምሳሌ አለ። የስፐርሱ (ቶተንሃም) ቤንታንኩር፣ 2024። ያው ኡራጓይ ናት፣ ምን ብንበድላቸው ነው። አገሩ ቴሌቪዥን ላይ ጋዜጠኛው የያኔ የቡድን ጓደኛውን የኮሪያዊውን የሶንን ማሊያ ሲጠይቀው፣ የአጎቱ ልጅም ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የሚል ነገር ተናገረ። ቀልድ መሆኑ ነው። ሶን ይቅር ብሎታል፣ በአደባባይ። ኤፍኤ ግን ይቅር አላለም። 7 ጨዋታ፣ 100,000 ፓውንድ። ክለቡ በዛ ብሎ ይግባኝ አለ፣ ውድቅ።

እኔ እንደ ደጋፊ ተናደድኩ። እንደ ሰው ግን ገባኝ። ሶን ለራሱ ይቅር ማለት ይችላል። «ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው» ሲባል ግን የተሰደበው ሶን ብቻ አይደለም፣ «ሁሉም» ናቸው። ሶን የእነሱን ይቅርታ ከየት ያመጣል?

የባሮ_ልጅ

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ይሄን ግን ልጻፍ።

ከጋምቤላ ነኝ። አዲስ አበባ ለትምህርት መጥቼ ቀረሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እኔን ሦስት ዓይነት ሰው ጥቁሬ ይለኛል። የመጀመሪያዋ ከግቢያችን በር ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ናት። «ጥቁሬዬ፣ ዛሬ ሳትጠጣ?» ትለኛለች። እሷ ስትለኝ ደስ ይለኛል፣ ጉዳዩ ያለቀ ነው። ሁለተኛው የታክሲ ረዳት ነው። ሰው ሁሉ «ወንድሜ ጠጋ በል»፣ «ባለ ጃኬቱ ጠጋ በል» ሲባል እኔ ስደርስ «ጥቁሬ ጠጋ በል» ይሆናል። ጃኬት ለብሼም ቢሆን። ሦስተኛው የማላውቀው ሰው ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ብቻ የሚናገር። የሱን አልጽፈውም፣ ሁላችሁም ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ በ«ባ» ይጀምራል።

ደግሞ አንዳንዱ ሲያየኝ በእንግሊዝኛ ይጀምረኛል። «ሃው አር ዩ፣ ዌር ፍሮም?» እኔም «ደህና ነኝ፣ አብሬህ ነው ሰልፉ ላይ የቆምኩት» እላለሁ። ይደነግጣል። ይሄ ስድብ አይደለም፣ ክፉ ሐሳብም የለውም። ቤቴ ስገባ ግን ከረዳቱ ይልቅ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ኳስሜዳ፣ ያንተን ቪዲዮ አይቼዋለሁ፣ አንድ ልጅ ልኮልኝ። ጥቁሬ የምትለዋን ሰምቼ አልፌ ነበር። ሳቁ ላይ ነው የቆምኩት። «ጥቁሬ» እና «ጨለማ» ሲገናኙ ሁለታችሁ ሳቃችሁ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ታክሲ ውስጥም እንደዚሁ ነው፣ ረዳቱ ከተናገረ በኋላ ሁለት ሰው ከኋላ ወንበር ይስቃል፣ የቀረው በመስኮት ያያል። ክፉ ሰው እንዳልሆንክ ከጽሑፍህ አውቃለሁ። ቪዲዮውን ሳይ ግን ጽሑፍህ አብሮ አልመጣልኝም።

ጠበቃ_ነኝ_ግን_አልጠበቅም

@የባሮ_ልጅ የኔ 115 ገጽ ካንተ ሁለት አንቀጽ ያንሳል። ያቺ በ«ባ» የምትጀምረዋ ደግሞ እንዴት ያለች ቃል ናት። ቅዳሴ ላይ «እኔ ባርያህ» ስትል ትሕትና ነው፣ አጠገብህ ያለውም ያከብርሃል። ከቤተ ክርስቲያን በር ወጥተህ ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ ያንኑ ቃል ለሌላ ሰው ብትወረውር ሰው የሚያጋድል ነው። ፊደሏ አልተቀየረችም።

ናታንያ

ከእስራኤል ነኝ። ጠበቃ ያልከው ነገር እኛ ጋ ሌላ ስም አለው፣ «ኩሺ»።

አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ኤርምያስ ምዕራፍ 13 «ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ይላል። አያቴ ይሄን ጥቅስ በኩራት ነበር የምትለው፣ ስማችን መጽሐፍ ላይ አለ እያለች። ዕብራይስጡ ላይ እዚያች «ኢትዮጵያዊ» ያለችበት ቦታ የተጻፈው «ኩሺ» ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ለልጄ «ኩሺ» የሚለው ልጅ ግን ነቢዩ ኤርምያስን እየጠቀሰ አይደለም። ልጄ በስምንት ዓመቱ «እማ፣ ኩሺ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የትኛውን መልስ እንደምሰጠው ጠፋኝ። የአያቴን ሰጠሁት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ «ኩሺ ማለት ክብር ነው» ብሎ ተናግሮ የባሰ ሳቁበት።

ትልቅ ሰውም ይለዋል እኮ። በ2018 ዋናው የሴፋርዲ (ከአይሁድ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው) ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ስብከት ላይ ይሄንኑ ቃል ተጠቅሞ ከዝንጀሮ ጋር የሚያያይዝ ነገር ተናገረ። ጩኸት ሲበዛ ቢሮው ከታልሙድ፣ ከጥንቱ የረቢዎች መጽሐፍ፣ የተጠቀሰ ነው አለ። ሹመቱ ላይ እንደነበረ ቀጠለ። ካቫኒ ለ«አመሰግናለሁ» ሦስት ጨዋታ። በሉ ፍረዱ።

ዘነበወርቅ

እኔ ኳስ አላይም፣ ወንድሜ ነው ይሄን ሊንክ የላከልኝ። ናታንያ እህቴ ያለችው ነገር ስለነካኝ ነው የምጽፈው፣ ትልቅ ሰው ሲለው ምንም አይሆንም የሚለው።

ያደግኩት ዘነበወርቅ ነው፣ አለርት ሆስፒታል አጥር ስር ማለት ይቻላል። እናቴ የሥጋ ደዌ ታካሚ ነበረች። ድናለች፣ ከዳነች ብዙ ዓመቷ ነው፣ ጣቶቿ ግን እንደ ድሮ አይደሉም። አራት ልጅ በእነዚያ ጣቶች አሳድጋለች፣ ጥጥ እየፈተለች።

አንድ ቀን ማታ ቴሌቪዥን እያየን ነው። አንድ ትልቅ ሰው ስብሰባ ላይ ይናገራል። ማን እንደሆነ ይቅር፣ ለሱ ብዬ አይደለም፣ እሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ስለ ሌቦች ነበር የሚናገረው፣ መጋለጥ አለባቸው እያለ። ከዚያ ሞቅ ብሎት «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እናቴን አላየኋትም፣ ማየት ፈራሁ። በዓይኔ ጫፍ ግን እጆቿን ነጠላዋ ስር ስታስገባ አየሁ። ቀስ ብላ። ያኔ ራት ቀርቦ ነበር። ብሉ አለችን፣ እሷ ግን እጇን አላወጣችም፣ ሆዴን ነፋኝ ብላ ተኛች።

ሰውየው እናቴን አያውቃትም። ስለ እሷ አልተናገረም። ዐውዱን ካያችሁ ሌቦች ናቸው የተሰደቡት። ተረቱም የአባቶቻችን ነው። ታዲያ ከገበታ የተነሳችው ማን ናት? ቅጣት አልፈልግም፣ ሦስት ጨዋታም አልፈልግም። አንድ ሰው ግን፣ ከዚያ ሁሉ ካጨበጨበው አዳራሽ አንድ ሰው፣ ሲወጣ ጠጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ያቺን ተረት ይተዋት» ብሎት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ቀዩ_ሰይጣን

@ዘነበወርቅ እህቴ፣ ያንን ተረት እኔ ራሴ እዚሁ ቤት ስለ አሰልጣኝ ስጽፍ ተጠቅሜበታለሁ። አሁን ፈልጌ አጠፋሁት። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።

አሁንም ግን ካቫኒ ላይ አልተስማማሁም። ቡና አፍይዋና ረዳቱ አንድ ዓይነት ከተቀጡ ቡና አፍይዋ ናት የምትጎዳው፣ ረዳቱማ ሌላ ቃል ያገኛል። የባሮ ልጅ ራሱ ነው የለያቸው።

የባሮ_ልጅ

ልክ ነው፣ እሷን አትንኩብኝ። ግን ቀዩ፣ እሷ በሬ ላይ ሆና ነው የምትለኝ። ማይክራፎን ይዛ ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ ብትለኝ እኔም «እትዬ፣ እዚህ እንኳን ይቅር» እላት ነበር። እሷም አትከፋም ነበር መሰለኝ።

ኳስሜዳ_ልጅ

ይቅርታ ሁለት ቀን ጠፋሁ። እናንተ እዚህ ስትጽፉ እኔ አንድ የረሳሁት ነገር ነበር፣ ጥቁሬን ራሱን አልጠየቅኩትም። «እሱ እኮ አይከፋውም» እያልኩ ለስፖንሰሩም ለእናንተም ስናገር ከሱ ጋር በነገሩ ላይ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ያሳፍራል።

ትናንት ሻይ ጋብዤው ጠየቅኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ «ባክህ ተወው» አለ። እኔም አልተውም ስል ሻዩን እያማሰለ ዝም አለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሱ ያማስላል። ከዚያ «እናንተ ስትሉኝ ምንም አይመስለኝም፣ ወላሂ» አለ። «አሁን ግን ሰፈር ውስጥ የማላውቃቸው ልጆች ‘ጨለማው’ እያሉ ይጠሩኛል። ትናንት አንዱ ከእህቴ ጋር ሆኜ ጠራኝ።» እኔ ምን ልበል? ይቅርታ አልኩት። «አንተማ ምን አደረግክ» አለኝ፣ የበለጠ አሳፈረኝ።

ከዚያ ልንነሳ ስንል «አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለ። «ሁለት ዓመት ካሜራ ስይዝ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የናንተ ስም ይወጣል፣ የኔ የለም። እስቲ ጻፉት። ዋናውን።»

የባሮ ልጅ፣ ሳቁን በተመለከተ የምለው የለኝም፣ ልክ ነህ። ዛሬ ማታ ላይቭ አለን። መጀመሪያ ላይ መብራት እንዴት እንደሄደና ማን ባትሪ እንደያዘልን እናገራለሁ፣ ጓደኛዬም ይናገራል፣ ከዚያ ወደ ጨዋታው። ስሙን መጨረሻው ላይ ጽፈነዋል። ጓደኛዬ ፊደሉን ተሳስቶ ሁለቴ አስተካከልነው፣ እስከ ዛሬ ጽፈነው ስለማናውቅ። ስፖንሰሩ ገና አልደወለም።